ውሻዋን ማን ያበላታል?

ሰው አዲስ ቤት ሲገባ «ቤት ለእምቦሳ!» እንላለን፤ ባለቤቱም «እምቦሳ እሰሩ!» ይለናል። ደግ ምርቃት ነው። ቤት ማለት ጥጃ የሚታሰርበት፣ ጥጃ ማለት ነገ ወተት ያለበት፣ ነገ ማለት ደግሞ እዚያው ቁጭ ብለው የሚጠብቁት ነገር መሆኑን በሁለት ቃል ይናገራል። ታዲያ ቤቱ ጎማ ቢኖረውስ? ዛሬ እዚህ አድሮ ነገ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚቆም ቤት ምን ተብሎ ይመረቃል?

ይህን ጥያቄ ያመጣብኝ አሜሪካን አገር ከባድ መኪና የሚነዳ አብሮ አደጌ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደወለና «ቤት ቀየርኩ» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ «ቤት ለእምቦሳ!» አልኩት። ሳቀ። «እምቦሳ የለም፤ ያሰርኩት ውሻ ነው» አለ። ለካስ ነገሩ ወዲህ ነው። ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ እያደረ ለማያድርበት አፓርታማ ኪራይ መክፈል አንገሽግሾት ቁልፉን አስረክቧል። ዕቃውን ዘመድ ቤት አስቀምጧል። አሁን ቤቱ የመኪናው ጋቢና ነው። ከመቀመጫው ጀርባ አልጋ አለ፣ ትንሽ ፍሪጅ አለች፣ ከውሻ መጠለያ ያመጣት ቡቺም አለች። ሕጉ በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ አትንዳ፣ ከዚያ 10 ሰዓት እረፍ ስለሚል፣ አሥሩን ሰዓት ሁለቱ ይካፈሉታል።

እናቱ እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው። ወሬውን ሲሰሙ መጀመሪያ ያስደነገጣቸው ውሻ ከልጃቸው ጋር አንድ አልጋ ላይ መተኛቷ ነበር። አማተቡ። ሲረጋጉ ግን አንድ ነገር ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ታመህ ብትተኛስ ውሻዋን ማን ያበላታል?»

እሱም «አይ እማዬ! አታስቢ» ብሎ አለፋት። ይኼ መቼም መልስ አይደለም። አንዳንዴ እናቶች ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ነው የሚጠይቁት። ስለ ውሻዋ ሲሉ ስለ ልጃቸው መጠየቃቸው ነበር።

ጓደኛዬ ታዲያ «ኖማድላንድ የሚባለውን ፊልም እየው፤ የኔን ኑሮ ነው የሠሩት» አለኝና አየሁት። ፊልሙን ካየሁ በኋላ የተሠራበትን መጽሐፍ አነበብኩ። እግረ መንገዴንም በተማሪነቴ የወደድኩትን የጆን ስታይንቤክን «ከቻርሊ ጋር ጉዞ» ደግሜ ገለጥኩ። ሦስቱም ባለ ጎማ ቤት ውስጥ ስለሚኖር ሰው ናቸው፤ ሦስቱም ውስጥ ውሻ አለ። እኔ ደግሞ የእኚያን እናት ጥያቄ ሚዛን አድርጌ ሦስቱንም መዘንኳቸው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ከአንጋፋው ልጀምር። ስታይንቤክ በሴፕቴምበር 1960 ኒው ዮርክ ግዛት ሳግ ሃርበር ከሚገኘው ቤቱ ሲነሳ የ58 ዓመት ሰው ነበር። ስለ አሜሪካ ሲጽፍ ኖሮ አሜሪካን በዓይኑ ካያት መቆየቱ ከንክኖታል። ፒክ አፕ መኪና ላይ አልጋና ምድጃ ያለው ክፍል አስገጠመና በዶን ኪኾቴ ፈረስ ስም «ሮሲናንቴ» አላት። ለጓደኝነት የያዘው ፈረንሳይ አገር የተወለደውን፣ ዕድሜው የገፋውን ፑድል ውሻውን ቻርሊን ነው። ወደ 10,000 ማይል፣ ማለትም 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዱ። መጽሐፉ በ1962 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ደራሲው የኖቤል ተሸላሚ ሆነ።

ቻርሊ ባይኖር መጽሐፉ ግማሹ ባልኖረ ነበር። ሜዳ ላይ ከቆመ መኪና የወረደ ጺማም ሰው ያስፈራል፤ ውሻው ጭራውን እየቆላ ቀድሞ ሲመጣ ግን ወሬ ይጀመራል። ስታይንቤክም ውሻውን እንደ አምባሳደር ነው የሚልከው። በጣም የሚያስቀኝ የናያጋራው ታሪክ ነው። በካናዳ በኩል አቋርጬ ልለፍ ብሎ ድንበር ሲደርስ ሹሙ የውሻው የክትባት ወረቀት የት አለ ይለዋል። ወረቀት የለም። «እኛስ እናስገባህ ነበር፣ ስትመለስ የራስህ ሰዎች አያስገቡህም» ይሉታል። ይሁን ብሎ ቢዞር፣ አሜሪካኖቹ ደግሞ ከካናዳ እንደ መጣ ሰው ቆጥረው ያዙት! ኤምባሲ በር ላይ ሌሊት ተሰልፎ የሚያውቅ ያገሬ ሰው ይህን ሲያነብ «ቅመሷት!» ቢል አልፈርድበትም።

ስታይንቤክ ጎማ ላይ የሚኖሩ ሰዎችንም አግኝቶ ያወራል። ለአንዱ አባወራ «ልጆቻችሁ ሥር ሳይኖራቸው ማደጋቸው አያሳስባችሁም ወይ?» ዓይነት ጥያቄ ያቀርብለታል። የሰውየው አባት ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ዘር ማንዘራቸው ለዘመናት በኖረበት ቤት፣ የቧንቧ ውኃ በሌለበት፣ ሽንት ቤት በሌለበት አድገው ነው አሜሪካ የገቡት። እንግዲህ ሥር ማለት ያ ከሆነ፣ ሥሩን የመረጡት መቼ ነው? ምርጫ ሲያገኙማ ጥለውት ሄዱ። ይህ መልስ ስታይንቤክን ዝም ያሰኘዋል። እኔንም በተማሪነቴ ዝም አሰኝቶኝ ነበር። የአያቶቻችንን ጎጆ ከሩቅ ሆነን ስናሞግስ፣ ውኃ ይቀዱ የነበሩት ሴቶች ጀርባ ትዝ የማይለን እኛም አለንና።

ችግሩ ወዲህ ነው። በ2010 ቢል ስታይገርዋልድ የሚባል ጋዜጠኛ የስታይንቤክን መንገድ ተከትሎ ሄደና ያገኘውን በ2011 ጻፈ። ደራሲው ብዙውን ሌሊት ያሳለፈው ሮሲናንቴ ውስጥ ሳይሆን በሞቴልና በሆቴል ነበር፤ ከጉዞው ብዙውን ክፍል ከባለቤቱ ከኢሌን ጋር ነበር የተጓዘው። የ2012ቱ የሃምሳኛ ዓመት እትም መግቢያም መጽሐፉን ቃል በቃል እንዳንወስደው ያስጠነቅቃል። ብዙዎች ተቆጡ። እኔ ሆቴል ማደሩ አላስቆጣኝም፤ እግዜር ምቾት የሰጠውን ሰው ለምን መሬት አልተኛህም አልልም። ለእኔ የታየኝ ሌላ ነው። ቻርሊ መንገድ ላይ ታመመ፤ ሽንት አስቸገረው። ስፖኬን የተባለ ከተማ ውስጥ እጁ የሚንቀጠቀጥ የእንስሳት ሐኪም ገጠመው፤ በኋላ አማሪሎ ላይ ደህና ሐኪም ተገኘና ለአራት ቀን ተኝቶ ታከመ፤ ዳነ። ገንዘብ አለ፣ ጊዜ አለ፣ ሚስት አለች፣ ኪስ ውስጥ የቤት ቁልፍ አለ። «ውሻውን ማን ያበላዋል?» ለሚለው ጥያቄ ስታይንቤክ አራት መልስ ነበረው። ስለዚህ መጽሐፉ ግሩም ነው፤ ግን የመንገደኛ መጽሐፍ ነው እንጂ የመንገድ ነዋሪ መጽሐፍ አይደለም። መንገደኛ ይመለሳል። ሮሲናንቴም ዛሬ ካሊፎርኒያ ሳሊናስ በስታይንቤክ ማዕከል ውስጥ ለጎብኚ ቆማለች። ባለቤቷ ቤት ስለነበረው እሷ ቅርስ ሆነች።

የመንገድ ነዋሪውን መጽሐፍ የጻፈችው ጀሲካ ብሩደር ናት። «ኖማድላንድ» በ2017 ወጣ። ጋዜጠኛዋ ሦስት ዓመት ገደማ፣ ከ15,000 ማይል በላይ ከነዚህ ሰዎች ጋር ተጉዛለች፤ እሷም ቫን ገዝታ ውስጡ አድራለች። ያገኘቻቸው ሰዎች ብዙዎቹ ጸጉራቸው የሸበተ ነው። የ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ቤታቸውን ወይም ቁጠባቸውን የበላባቸው፣ ጡረታቸው ለቤት ኪራይ የማይበቃ፣ «ኪራይ ወይስ እህል?» ሲባሉ እህል ያሉ ሰዎች ናቸው።

ከሁሉም ልቤ ውስጥ የቀረችው ሊንዳ ሜይ ናት። ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። የ1974 ሥሪት የሆነች፣ ርዝመቷ ሦስት ሜትር ገደማ የሆነች ተጎታች ቤት አለቻት፤ ኮኮ የምትባል ትንሽ ውሻም አለቻት። የጡረታ አበሏ በወር ወደ 500 ዶላር ብቻ ነው። በሙቀቱ ወራት የመዝናኛ ካምፕ ትጠብቃለች፣ ሽንት ቤት ታጸዳለች። ገና ሲቃረብ አማዞን በ2008 ለእንዲህ ዓይነት ባለ ጎማ ቤት ሠራተኞች በጀመረው ፕሮግራም መጋዘን ትገባለች። እዚያ በሲሚንቶ ወለል ላይ በአንድ ፈረቃ እስከ 15 ማይል የሚራመዱ አዛውንቶች ነበሩ፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ ነጻ የሕመም ማስታገሻ የሚያድል ሳጥን ተሰቅሏል። ሊንዳ ሜይ ያን ባርኮድ ማንበቢያ ስትጫን ስትጫን እጇን ጎድታዋለች።

አሁን ውሻዋን እናስባት። ውጪው 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነበት ደስ የሚል ቀን፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በግማሽ ሰዓት 40 ይደርሳል። መጋዘን ውስጥ 10 ሰዓት የሚውል ሰው ውሻውን የት ይተዋል? ማራገቢያ ወይም አየር ማቀዝቀዣ ለማሠራት ኤሌክትሪክ ያለው ማቆሚያ ያስፈልጋል፤ ማቆሚያው ደግሞ ገንዘብ ነው። በነጻ የሚያሳድረው ብዙው የመንግሥት ምድረ በዳ ከ14 ቀን በኋላ «በል ተነሣ» ይላል። ስለዚህ ውሻ ያለው ሰው ብርድ ሲመጣ ወደ አሪዞና በረሃ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ሲበረታ ወደ ተራራ ይወጣል። ከውጪ ለሚያየው «ነጻነት» የሚመስለው ብዙ ጊዜ ለውሻው ሲባል ጥላ ፍለጋ ነው።

የብሩደር መጽሐፍ ትልቅነቱ ይህን ሁሉ ሳያለቅስ መናገሩ ነው። ሰዎቹን አታሳዝንባቸውም፣ አታጀግናቸውምም። እየሳቁ እያለ ነው እጃቸው የሚያማቸው። መጽሐፉ ወደ ማለቂያው ሲደርስ ደግሞ ሊንዳ ሜይ ምን አደረገች መሰላችሁ? አሪዞና ውስጥ፣ ዳግላስ የምትባል የድንበር ከተማ አካባቢ፣ ማንም የማይፈልገው በረሃ ላይ አምስት ኤከር መሬት ገዛች። ለምን? ቤት ልትሠራ! የማይንቀሳቀስ፣ መሬት የያዘ፣ በራሷ እጅ የሚቆም ቤት። ይህች የመንገድ ሰው ናት የተባለች ሴት ሌሊት ሌሊት የምታልመው እምቦሳ የሚታሰርበትን ቤት ነበር።

እንግዲህ ወደ ፊልሙ። የክሎይ ዣኦ «ኖማድላንድ» በ2020 ወጣ፤ በ2021 የኦስካር ምሽት የዓመቱን ምርጥ ፊልም፣ የምርጥ ዳይሬክተርና የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደ። ይገባዋል ወይ ብትሉኝ፣ በዓይን ከሆነ ይገባዋል። የማለዳው ሰማይ፣ የፍራንሰስ ማክዶርማንድ ፊት፣ ዝምታው… እውነተኛዎቹ ሊንዳ ሜይና ቦብ ዌልስ ራሳቸውን ሆነው ሲናገሩ ሰው ያስለቅሳሉ። ጓደኛዬ «የኔ ኑሮ» ያለው ወዶ አይደለም።

ነገር ግን መሪዋ ገጸ ባሕርይ ፈርን ልብ ወለድ ናት። የመጣችው ፋብሪካዋ በ2011 ከተዘጋው፣ ከዚያም ባዶ ከቀረችው ከኔቫዳዋ ኤምፓየር ነው። ፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ፣ ባለቤቱ ትቶት የሄደ አንድ ውሻ ታስሮ አለ። ትወስጂዋለሽ ወይ ትባላለች። አይታው ትሄዳለች። ብዙ ተመልካች ይቺን ትዕይንት ሳያስተውላት የሚያልፍ ይመስለኛል። ለእኔ ግን የፊልሙ ቁልፍ እዚህ ጋ ነው የተቀመጠው። ውሻው ቢገባ ኖሮ ፊልሙ ሌላ ፊልም ይሆን ነበር። ፈርን መጋዘን ስትውል ካሜራው መኪናው ውስጥ መቅረት ግድ ይሆንበታል። መኪናው ሲበላሽ ሁለት ሆድ ይራባል። ጀንበር ስትጠልቅ ድንጋይ ላይ ቆማ ብትቆይ ከኋላዋ የሚጮህ ይኖራል። ውሻ ሰውን ወደ መሬት ያወርደዋል። ፊልሙ ደግሞ መውረድ አልፈለገም።

ከዚህ የባሰው ሌላው ነው። ፊልሙ ለፈርን ሁለት ቤት ከፈተላት። እህቷ ነይ አብረሽን ኑሪ ትላታለች፤ አንድ የሚወዳት ሰውም ልጁ ቤት ክፍል ሰጥቶ ቅሪ ይላታል። ሁለቱንም ትታ ወጣች፤ እዚያ ለስላሳ አልጋ ላይ እንኳን እንቅልፍ እምቢ ብሏት መኪናዋ ውስጥ ገብታ ተኛች። ቆንጆ ትዕይንት ነው። ግን ምን አለ መሰላችሁ? «ይህች ሴት ቤት ያጣችው ድሃ ስለሆነች ሳይሆን ጠባይዋ ስለሆነ ነው» አለ። ድህነት ጠባይ ሲሆን ማንም አይጠየቅም። ባለ መጋዘኑም፣ ጡረታውን የተመነውም፣ ኪራዩን የሰቀለውም «እሷው ወድዳ!» ብሎ እጁን ይታጠባል። መጽሐፉ ቤት ለመሥራት መሬት ከገዛች ሴት ጋር ነው ወደ ማብቂያው የሚሄደው፤ ፊልሙ የድሮ ባዶ ቤቷን አይታ እንደገና መንገድ ከገባች ሴት ጋር ያልቃል። አንድ ርዕስ፣ ሁለት ፍርድ!

ወደው የሚኖሩት የሉም እያልኩ አይደለም። ሞልተዋል፤ ደስ ብሏቸው፣ ውሻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ግማሽ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ሶፋ ላይ ከሚያዛጋው የተሻለ የሚኖሩ አሉ። ግን የወደደና የተገደደ በአንድ ካሜራ ሲቀረጹ፣ የተገደደው ነው ድምፁን የሚያጣው።

አንድ ነገር ሦስቱንም ሥራዎች ካየሁ በኋላ ሲከነክነኝ ከረመ። ስታይንቤክ በ1960 መገባደጃ ኒው ኦርሊንስ ደርሶ፣ ትንሿን ጥቁር ተማሪ ሩቢ ብሪጅስን ትምህርት ቤት በር ላይ የሚሳደቡ ነጭ እናቶችን አይቷል። እዚያው አካባቢ ሰዎች መኪናው ውስጥ የተቀመጠውን ቻርሊን ከሩቅ አይተው፣ ነጭ ሰው ጥቁር ሰው አጠገቡ አስቀምጦ የሚሄድ መስሏቸው ነበር! ዛሬ ሳነበው ሳቄ ይቆማል። የብሩደር መጽሐፍም የመንገድ ነዋሪዎቹ በአመዛኙ ነጮች መሆናቸውን ሳይሸሽግ ይጠይቃል፤ ጥቁር ሰው ሰዋራ ቦታ መኪና ውስጥ ተኝቶ ሌሊት ፖሊስ መስኮቱን ቢያንኳኳበት ነገሩ ሌላ ነው። ፊልሙ እዚህ ጥያቄ አጠገብ አይቆምም። ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «ሰማዩ ውብ የሆነበት ቦታ አላድርም፤ መብራት ያለበት፣ ካሜራ ያለበት የከባድ መኪና ማቆሚያ ነው የማድረው» አለኝ። የፈርን ምድረ በዳ ለእሱ አልተፈቀደለትም። «የኔ ኑሮ» ያለው ፊልም ውስጥ እሱ የለም።

ስሙም ያከራክረኛል። «ኖማድ» በእኛው ቃል ዘላን ነው፤ እኛ ደግሞ ቃሉን ስድብ አድርገን ኖረናል። ነገር ግን ከብቱን ይዞ ውኃና ሣር የሚከተለው አርብቶ አደር ብቻውን አይሄድም። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ጎሳው አብረውት ናቸው። የሚሄድበትን ጉድጓድ አያቱም ያውቁታል። ቢታመም የሚሸከመው አለ፤ ቢሞት ከብቱን የሚያጠጣ አለ። ዘላን ቤት የለሽ አይደለም፤ ቤቱ ሰው ነው። ቦብ ዌልስና ጓደኞቹ ይህን የተረዱት ይመስለኛል። ከ2011 ጀምሮ አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት አጠገብ በየክረምቱ እየተሰበሰቡ፣ መኪና መጠገን፣ የት ማደር፣ በትንሽ ብር እንዴት መክረም እንደሚቻል ይማማራሉ። ፊልሙም መጽሐፉም በጣም የሚያምሩት እዚያ ነው፤ የተበተኑ ሰዎች ጎሳ ለመሆን ሲሞክሩ።

ባለፈው ጊዜ ለጓደኛዬ ደውዬ የእናቱን ጥያቄ ደገምኩለት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ክረምት ትኩሳት ይዞት ሦስት ቀን ከአልጋው መውረድ አቅቶት እንደነበር ነገረኝ። ለእናቱ አልነገራቸውም። አጠገቡ የቆመ አንድ የማያውቀው ሾፌር ቡቺ ስትጮህ ሰምቶ አንኳኳ። ጠዋትና ማታ እያወጣ አንሸራሸራት፣ አበላት፣ ለእሱም ሾርባ ገዝቶ አመጣለት። በአራተኛው ቀን መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። «ስሙን እንኳን አልጠየቅኩትም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የጋቢናው መስኮት ላይ ወረቀት ለጥፏል። ውስጥ ውሻ አለች፣ ስሟ ቡቺ ነው፣ አንድ ነገር ከሆንኩ ለዚህ ሰው ደውሉ ይልና የአንድ ዘመዱን ስልክ ይሰጣል። ለእናቱ በመጨረሻ ይህችን ወረቀት ነገራቸው። እሳቸውም «ጎሽ የኔ ልጅ» አሉና ትንሽ ቆይተው «የኔንም ቁጥር ጻፍበት» አሉት።

«አንቺ ከአዲስ አበባ ሆነሽ ምን ታደርጊያለሽ እማዬ?»

«ምን ቸገረህ? ጻፈው አልኩህ!»

ጻፈው።